ሄዶ የሚጠይቅ ዐውደ ርእይ፦ ተጓዥ ዐውደ ርእዮችና የአካባቢ ታሪክ ዕውቀት

 

የዛሬው ርእሴ ተጓዥ ዐውደ ርእይ ነው። ላይ ላዩን ሲታይ ጉዳዩ የማጓጓዝ ጉዳይ ይመስላል፤ ቅርስን ወይም የቅርስን ምስል ጠቅልሎ፣ በመኪና ጭኖ፣ ሙዚየም ወደሌለበት ስፍራ ማድረስ፤ ጊዜው ሲያልቅም ጠቅልሎ መመለስ። እኔም ረዘም ላለ ጊዜ እንዲህ ነበር የማስበው። በኋላ ግን በራሴ ስሕተት ምክንያት ሐሳቤን ለወጥሁ። ዛሬ ላስረዳችሁ የምሞክረው፣ ተጓዥ ዐውደ ርእይ ሊመዘን የሚገባው ይዞት በተመለሰው ዕውቀት ጭምር መሆኑን ነው። በሄደበት ስፍራ ያልጠየቀና ያልታረመ ዐውደ ርእይ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ከማስታወቂያ ሰሌዳ ብዙ አይለይም።

ንግግሬን በሦስት ከፍዬ አቀርባለሁ። በመጀመሪያ ቅርስ ወደ ሰው እንዴት እንደተጓዘ በአጭሩ አወሳለሁ። ቀጥሎ ያንን ስሕተቴን እናገራለሁ። በመጨረሻም ከዚያ የወጡትን ትምህርቶችና ልንሠራቸው የምንችላቸውን ነገሮች አቀርባለሁ።

ቅርስ ወደ ሰው ሲሄድ

የከበረ ነገር ከተቀመጠበት ወጥቶ ወደ ሰው መሄዱ ለእኛ እንግዳ ሐሳብ አይደለም። በጥምቀት ዋዜማ ታቦቱ ከመንበሩ ተነሥቶ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ ሲወርድ፣ በዕቃ ቤት ተዘግቶባቸው የከረሙት መስቀሎች፣ ጥላዎችና አልባሳት አብረውት ይወጣሉ። ያገሬው ሰው የደብሩን ሀብት በዐይኑ የሚያየው በእንዲህ ያለ ቀን ነው። ይህ አምልኮ ነውና ዐውደ ርእይ ብለን ልንጠራው አይገባም። ሆኖም አንድ ነገር ያስተምረናል፤ በዚያ ቀን ሕዝቡ ተመልካች ብቻ አይደለም። የትኛው መስቀል ከየት እንደመጣ፣ የትኛውን ጥላ ማን እንደሰጠ የሚያውቅ ሽማግሌ በሰልፉ መካከል አለ፤ ለልጅ ልጁም እየጠቆመ ይነግረዋል። መግለጫ ጽሑፉ ሰው ነው።

ዘመናዊው ሙዚየም ይህንን ግንኙነት ለወጠው። ከ1953 ዓ.ም. የታኅሣሥ መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ በኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡ። በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋምም ኋላ ከነሙዚየሙ በዚያው ሕንፃ ተቀመጠ። እንደ ሪቻርድ ፓንክረስትና እንደ ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ ያሉ ሰዎች የደከሙበት ይህ ሥራ ባይኖር ኖሮ፣ ዛሬ የምናጠናው ብዙ ነገር ጠፍቶ ነበር። ለዚህ ውለታ ያለብንን ምስጋና ሳልቀንስ አንድ ነገር ብቻ ላክል፤ ዕቃው ከገጠር ወደ ከተማ መጣ፤ ዕቃውን የሚያውቀው ሰው ግን አብሮት አልመጣም። የስብስቦቻችን ትልቁ ክፍተት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ሌሎች አገሮች ሙዚየምን ወደ ሕዝብ ለመውሰድ የሄዱበትን መንገድ ለማየት ሁለት ምሳሌዎችን እጠቅሳለሁ። የአሜሪካው ስሚዝሶኒያን እ.ኤ.አ. በ1952 ለተጓዥ ዐውደ ርእዮች ብቻ የቆመ ክፍል አቋቋመ። ከ1994 ጀምሮ ደግሞ ትንንሽ የገጠር ከተሞችን የሚጎበኝ ልዩ መርሐ ግብር አለው። በዚህ መርሐ ግብር ትኩረቴን የሳበው ዐውደ ርእዩ ሙሉ ሆኖ አለመድረሱ ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣው አጠቃላዩ ታሪክ ነው፤ ተቀባዪቱ ከተማ በበኩሏ በዚያው ርእስ ላይ የራሷን ፎቶግራፍ፣ የራሷን ዕቃና የራሷን ትረካ አዘጋጅታ ከጎኑ ታቆማለች። እንግዳው ሲመጣ ባለቤቱም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል ማለት ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ከአህጉራችን ከቦትስዋና ነው። የዚያች አገር ብሔራዊ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1968 በጋቦሮኒ ተከፈተ። ሕዝቧ በሰፊ ምድር ላይ ተበትኖ የሚኖር በመሆኑ፣ ሙዚየሙ በ1970ዎቹ መኪና አዘጋጅቶ ወደ ገጠር ትምህርት ቤቶች መጓዝ ጀመረ። አገልግሎቱ ፒትሴ ያ ናጋ ይባላል፤ በሴትስዋና የሜዳ አህያ ማለት ነው። መኪኖቹም እንደ ሜዳ አህያ ተዥጎርጉረዋል። ልጅ መኪናውን ከሩቅ ሲያይ ምን እንደመጣ ያውቃል። ሀብታም ያልሆነ አገር ሙዚየሙን በመንኰራኵር ላይ ማኖር እንደሚችል ይህ ማስረጃ ነው።

የእኛ ቅርሶችም ተጉዘዋል፤ በስፋት የተጓዙት ግን ወደ ውጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በባልቲሞር ዋልተርስ የሥነ ጥበብ ማዕከል የተከፈተው የኢትዮጵያ ቅዱሳት ሥዕላት ዐውደ ርእይ፣ ከኢትዮጵያ ጥናት ተቋም የተወሰዱ ሥዕሎችና የብራና መጻሕፍት ይዞ ለዓመታት በአሜሪካ ከተሞች ዞረ። ለዚያ የተዘጋጀው መጽሐፍ ዛሬም የምናስተምርበት ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ ወይም ሉሲ ደግሞ፣ እ.ኤ.አ. ከ2007 እስከ 2013 በሂዩስተን፣ በሲያትል፣ በኒው ዮርክና በሌሎችም ስፍራዎች ለእይታ ቀርባለች። በ2025 ከሰላም ጋር ሆና በፕራግ ብሔራዊ ሙዚየም ታይታለች።

በመጀመሪያው ጉዞ ጊዜ የተነሣውን ክርክር ታስታውሱ ይሆናል። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የቆየ ተሰባሪ አጽም በአውሮፕላን ሊንገላታ አይገባም ያሉ ሳይንቲስቶች ነበሩ፤ ስሚዝሶኒያንም ዐውደ ርእዩን ሳይቀበል ቀርቷል። ለአገሪቱ ገጽታና ለሙዚየሞቿ ገቢ ያስገኛል ያሉም ነበሩ። ሁለቱም ወገኖች የሚደመጥ ምክንያት ነበራቸው። ሆኖም ያን ጊዜ በጋዜጦች የተጻፈ አንድ ነገር ከሁሉም በላይ አስቦኛል፤ እውነተኛው አጽም እስከዚያ ጊዜ በራሷ በኢትዮጵያ ለሕዝብ የታየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነበር። ዋናው አጽም ወደ ሐዳር ይመለስ እያልሁ አይደለም፤ ቅጂው ይበቃል። ነገር ግን አጽሟ ከተገኘበት ስፍራ አጠገብ ፍየል የሚጠብቀው ልጅ፣ በገዛ ቋንቋው በአፋርኛ ስለ እርሷ የሚነግረው አንድ ሰሌዳ አይቶ ያውቃልን? ይህን መጠየቅ የእኛ የመምህራን ድርሻ ነው።

አንዲት እንስራና አንድ ስሕተት

አሁን ወደ ራሴ ልምድ ልምጣ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከተማሪዎቼ ጋር አነስተኛ ተጓዥ ዐውደ ርእይ አዘጋጅተን በሰሜን ሸዋ ወደምትገኝ አንዲት የገበያ ከተማ ወሰድን። ዐሥራ ሁለት የፎቶግራፍ ሰሌዳዎች ነበሩን፤ ከአንድ ስብስብም ጥቂት የዕለት መገልገያ ዕቃዎች ተውሰናል። ዕቃዎቹ የተሰበሰቡት ከዚያው አካባቢ ስለነበር፣ ወደ አገራቸው ለጥቂት ቀናት እንመልሳቸው በሚል ሐሳብ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ከሸፈብን። ዐውደ ርእዩን ያቆምነው በመሰብሰቢያ አዳራሽ ውስጥ ነበር። በር ላይ ጥበቃ ቆሟል፤ ወንበር ተደርድሯል። የመጡት ጥቂት የመንግሥት ሠራተኞችና መምህሮቻቸው አሰልፈው ያመጧቸው ተማሪዎች ነበሩ። ማታ አንድ ገበሬ ለምን እንዳልገባ ብንጠይቀው፣ «ስብሰባ መስሎኝ ነው» አለን። እውነቱን ነው፤ አዳራሹ ለእርሱ የሚነገርበት እንጂ የሚናገርበት ቦታ ሆኖ አያውቅም።

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ነበር። ሰሌዳዎቹን አውጥተን ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር በትምህርት ቤቱ አጥር ላይ ሰቀልናቸው፤ ዕቃዎቹንም በጠረጴዛ ላይ ደረደርን። እስከ ረፋዱ ድረስ ሰው ሞላ። ማንበብ የሚችለው ለማይችለው ጮክ ብሎ ያነብ ጀመር።

ከዕቃዎቹ መካከል አንዲት እንስራ ነበረች። መግለጫዋ ላይ «የውኃ እንስራ» የሚል፣ ቀጥሎም የተሰበሰበችበት ወረዳና ያበረከተው ሰው ስም ተጽፏል። ሸክላ ሸጠው የሚመለሱ አንዲት በዕድሜ የገፉ እናት አጠገቧ ቆሙ። ጽሑፉን አንድ ተማሪ አነበበላቸው። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰድደው ዳበሷት፤ ከዚያም እንዲህ አሉ፦ «ልጆቼ፣ ይህች ውኃ ቀድታ አታውቅም። ውስጧን አላያችሁትም? በወይራ ታጥና የጠቆረች ናት፤ የጠላ ናት።» ቀጥለውም የአንገቷን አሠራርና የጆሮዋን አቀማመጥ እያሳዩ፣ ጭቃው ከየትኛው ወንዝ ዳር እንደሚወጣ ነገሩን። እኛ ማስታወሻ ለመያዝ ስንራወጥ አንድ ጥያቄ ጠየቁን፦ «የሰጣትን ሰው ጽፋችኋል። የሠራቻትንስ ወዴት አደረሳችኋት?»

መልስ አልነበረኝም። ከስብስቡ መዝገብ ላይ የገለበጥሁት መግለጫ የሰብሳቢ፣ የሰጪ፣ የቦታና የቀን ዐምድ ነበረው፤ የሠሪ ዐምድ ግን አልነበረውም። እኔም መዝገቡ ያልጠየቀውን ሳልጠይቅ ጽፌዋለሁ።

የጥያቄውን ክብደት ለመረዳት የጠያቂዋን ማንነት ማሰብ ያስፈልጋል። ሸክላ ሠሪው፣ ቀጥቃጩ፣ ሸማኔውና ፋቂው በአገራችን ታሪክ ሥራቸው እየተፈለገ ስማቸው ሲናቅ የኖሩ ናቸው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማስነገር መድረሳቸው ንቀቱ የቱን ያህል ሥር የሰደደ እንደነበር ያሳያል። እኛ ማንንም አልሰደብንም። ነገር ግን በሚያምር ፊደል ባተምነው ጽሑፍ ላይ ዕቃዋን አክብረን ሠሪዋን ዘለልናት። ያ መዝለል የድሮው ንቀት ጨዋ መልክ ይዞ የመጣ እንደሆነ የተረዳሁት በዚያ አጥር ሥር ቆሜ ነው።

መግለጫውን በብዕር አረምነው፤ «የጠላ እንስራ» ብለን፣ ከሥሩም «የሠራቻት ሴት ስም አልተመዘገበም» የሚል ጨመርን። የእናቲቱንም ፎቶግራፍ አነሣን፤ በሚቀጥለው ዓመት ታትሞ እንደሚመጣላቸው ቃል ገባን። በሚቀጥለው ዓመት ግን አልሄድንም። በጀት አልነበረም፤ ተማሪዎቹ ተመርቀዋል፤ እኔም ሌላ ሥራ ያዝሁ። ፎቶግራፉን ይዤ የሄድሁት በሦስተኛው ዓመት ነው። ተቀብለውኝ ቡና አፈሉልኝ። ፎቶግራፉን ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «እኔማ እንደ ሌሎቹ ዋሽታችሁ ቀራችሁ ብዬ ትቼው ነበር» አሉኝ። «እንደ ሌሎቹ» ያሏቸው እነማን እንደሆኑ አልጠየቅኋቸውም። ቀርጸው፣ ጽፈውና ፎቶ አንሥተው የሄዱ ሁሉ እንደሆኑ አውቄዋለሁና።

ከዚህ ምን እንማራለን?

የመጀመሪያው ትምህርት ዐውደ ርእይ የጥናት መሣሪያ መሆኑ ነው። በመስክ ጥናት ወቅት መጠይቅ ይዘን ወደ ሰው ቤት እንገባለን፤ ጥያቄውን የምናወጣውም እኛ ነን። ዐውደ ርእይ ግን ያገኘነውንና የተሳሳትነውን በአደባባይ ይሰቅለዋል፤ ጥያቄ የማውጣቱ ሥልጣን ወደ ተመልካቹ ይሻገራል። ከዚያች እናት ያገኘሁትን በመጠይቅ ላገኘው አልችልም ነበር፤ የሠሪዋን ስም መጠየቅ በመጠይቄ ላይ አልነበረምና።

እዚህ ላይ ከባልደረቦቼ ተገቢ ተቃውሞ ይነሣል፦ የሕዝብ ትውስታ ሁልጊዜ ትክክል ነውን? ማኅበረሰብስ አንድ ድምፅ አለውን? ሁለቱም አይደለም። ትውስታ ይሳሳታል፤ ሽማግሎች ይለያያሉ፤ የአንዱ ቤተሰብ ጀግና የሌላው ቤተሰብ ቀማኛ ሊሆን ይችላል። የተመራማሪ ኀላፊነት የተነገረውን ሁሉ ማጽደቅ አይደለም፤ ማን፣ መቼ፣ ከምን ተነሥቶ እንደተናገረ መዝግቦ ከሌላው ማስረጃ ጋር ማስተያየት ነው። ሁለት ሽማግሎች ስለ አንድ ጦር ሜዳ የተለያየ ነገር ቢሉ፣ ሁለቱንም ከነስማቸው ጎን ለጎን እንሰቅላለን፤ ሰነዱ የሚለውንም በሦስተኛነት እናኖራለን። ተማሪ ታሪክ እንዴት እንደሚጻፍ ከዚህ የተሻለ የሚያይበት ሰሌዳ አላውቅም።

ሁለተኛው ትምህርት የአካባቢ ታሪክን ከአካባቢው ውጭ ስለ መውሰድ ነው። በእኛ ዘመን የአካባቢ ታሪክ በብዛት የሚቀርበው ለአካባቢው ሰው ነው፤ በገዛ ደጁ ሲቀርብም መሞገስ ይቀለዋል። ስለዚህ ለተማሪዎቼ አንድ መፈተኛ እሰጣለሁ። ያዘጋጃችሁትን ሰሌዳ አንድም ቃል ሳትለውጡ በጎረቤት ወረዳ ገበያ ልትሰቅሉት ትችላላችሁን? የማትችሉ ከሆነ ችግሩ ከሰሌዳው ነው ወይስ ከገበያው? አንዳንድ ጊዜ ችግሩ ከገበያው ሊሆን ይችላል፤ መራራ እውነት የትም ቢሰቀል ይመራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ለጎረቤት የማይነበበው ጽሑፍ ሲጻፍ ጎረቤቱን ያላሰበ ሆኖ አግኝተነዋል። የሚጓዝ ዐውደ ርእይ ይህንን ፈተና ከመጀመሪያው እንድንቀበል ያስገድደናል።

ሦስተኛው ትምህርት ስለ መጥፋት ነው። በደጃዝማች ዮሴፍ ብሩ መኖሪያ ውስጥ የነበረው የደሴ ሙዚየም በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ተዘርፏል። ከዚህ በኋላ የስብስብ ሰነድ ማባዛትን እንደ ትርፍ ሥራ ማየት አንችልም። ዕቃው ሲጠፋ የሚቀረው ስለ እርሱ የምናውቀው ብቻ ነው፤ እርሱም በአንድ ቢሮ መሳቢያ ውስጥ ብቻ ካለ አብሮ ሊጠፋ ይችላል። ፎቶግራፉ በዐሥር ትምህርት ቤቶች የተሰቀለ፣ ታሪኩ በሦስት ገበያዎች የተወራለት ዕቃ ግን ቢሰረቅ የሚያውቀው ብዙ ነው፤ አንድ ቀን በጨረታ አዳራሽ ብቅ ቢልም የእኛ ነው የሚል ምስክር አያጣም።

ምን እናድርግ?

በመጨረሻ በአንድ የትምህርት ክፍል አቅም ሊሠሩ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ መጓዝ የሚገባውንና የማይገባውን እንለይ። ብራና እርጥበትና ሙቀት ሲፈራረቅበት ይጨማደዳል፤ ቀለሙም ይነሣል። እንዲህ ያለው ቅርስ በፎቶግራፍ ቅጂ ይሂድ። ሰሌዳዎቹም በጨርቅ ላይ ቢታተሙ ተጠቅልለው በሕዝብ አውቶቡስ ጣሪያ ላይ ሊጫኑ ይችላሉ፤ መስታወት በኰረኰንች መንገድ አይዘልቅም። መኪና የለንም የሚለው ምክንያትም ብዙ አያስኬድም፤ ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ በመሠረቱት ድርጅት አማካይነት በሐዋሳ አካባቢ አህያ የሚስበው ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት ለሕፃናት መጽሐፍ ሲያደርስ ታይቷል።

ሁለተኛ፣ ጽሑፉ አጭር፣ ፊደሉ ትልቅ፣ ቋንቋው በቅድሚያ የአካባቢው ይሁን። ጮክ ተብሎ ሲነበብ ጆሮ የሚቀበለው አረፍተ ነገር እንጻፍ፤ አንዱ ለሌላው ያነብለታልና።

ሦስተኛ፣ በየሰሌዳው ግርጌ ባዶ ቦታ እንተው፤ ከጎኑም መዝገብ እናኑር። እርማት የሰጠ ሰው ፈቃዱ ተጠይቆ ስሙ ይጻፍ። እርማቱ ወደ ስብስቡ መዝገብ ካልገባ ግን ሥራው አልተጠናቀቀም። በመዝገቦቻችን ላይ «ሠሪ» የሚል ዐምድ ይጨመር። ስሙ ካልታወቀ አለመታወቁ ይጻፍ፤ ባዶ መተውና አለመታወቁን መጻፍ አንድ አይደሉም።

አራተኛ፣ የሰሌዳዎቹ አንድ ቅጂ በጎበኘነው ትምህርት ቤት ይቅር፤ የመመለሻው ጉዞም ከመጀመሪያው በበጀት ይያዝ። የመመለሻ ወጪ የሌለው ዕቅድ እንዲጸድቅ አልመክርም። ይህን የምለው ለሦስት ዓመት የዘገየ ፎቶግራፍ ይዤ በአንዲት እናት ደጅ የቆምሁ ሰው ስለሆንሁ ነው።

እንግዶቻችን፣ ተማሪዎቻችን፤ ያቺ እንስራ ዛሬ ወደ ስብስቡ ተመልሳ በመደርደሪያዋ ላይ ተቀምጣለች። መግለጫዋ ታርሟል፤ ጠላ እንደተጠመቀባት፣ በወይራ እንደታጠነች፣ የሠራቻት ሴት ስም እንዳልተመዘገበ ይናገራል። ይህን ያወቅነው ዕቃዋ ወደ መጣችበት ስለተመለሰችና፣ በዚያም አንዲት ሸክላ ሠሪ እጃቸውን ወደ ውስጧ ስለ ሰደዱ ነው። በየስብስቦቻችን እንዲህ ያለ እጅ የሚጠብቁ ዕቃዎች አሉ። ከእናንተ መካከል ለመመረቂያ ጽሑፉ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ካለ፣ ከእነርሱ አንዷን መርጦ የመጣችበትን ገበያ ይፈልግ።

 ጥያቄዎቻችሁንና እርማቶቻችሁን ለመቀበል ዝግጁ ነኝ።